ያሲን አልጠባም አለ

ደሴ ላይ ክረምት ነበር። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

በዚያ ዝናብ ለረምላ ወንድም ተወለደላት። ስሙ ያሲን ተባለ።

ያሲን ትንሽ ነው። እጁ ትንሽ፣ እግሩ ትንሽ፣ አፍንጫውም ትንሽ።

መጀመሪያ ላይ ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ይተኛል። ደግሞ ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ይተኛል።

ረምላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። «እኔ እኮ እህትህ ነኝ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ያሲን አላለቀሰም።

እማዬ አቀፈችው። «ጥባ፣ ያሲንዬ። ትንሽ ጥባ» አለችው።

ያሲን ግን አልጠባም። ተኛ።

ጎረቤታቸው እማማ ሎሚ ለእማዬ ገንፎ ይዘው መጡ። የያሲንን ፊት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቢጫ ብሏል» አሉ። «ፀሐይ ስትወጣ አሙቂው፤ ይለቀዋል።»

ረምላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭው ጉም ብቻ ነው።

«ፀሐይ፣ ነይ» አለች ረምላ።

«ጠብ! ጠብ! ጠብ!» አለ ዝናቡ።

ፀሐይን ጠበቁ፣ ጠበቁ። እማዬ የያሲንን ውስጥ እግር ኮርኮር አደረገችው። «ጥባ፣ ያሲንዬ። ትንሽ ጥባ።»

ያሲን ግን አልጠባም። ተኛ።

ረምላ ጠጋ ብላ አየችው። ያሲን ዓይኑን ትንሽ ገለጥ አደረገ።

ነጭ መሆን የነበረበት ዓይኑ ነጭ አልነበረም።

«እማዬ» አለች ረምላ፣ «ዓይኑም ቢጫ ነው።»

እማዬ አየች። ፊቷ ተለወጠ። «አባትሽን ጥሪልኝ» አለች በቀስታ።

አባዬ መጣና ልጁን አየ። «ፀሐይ መጠበቅ ይቅር» አለ። ወጥቶ ባጃጅ ጠራ።

«ድድድድ» አለ ባጃጁ። መብራቱን አብርቶ በጉሙ ውስጥ ሄደ።

አራቱም ጤና ጣቢያ ደረሱ። ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ትባላለች። እጇን ታጠበች፤ ያሲንን እንዳይበርደው ደግሞ እጇን አሸት አሸት አድርጋ አሞቀች።

«እስቲ ልየው» አለች።

ያሲንን መዘነችው። ትኩሳቱን ለካች። ደረቱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ዝም ብላ አየች። እትብቱንም አየች።

ከዚያ ግንባሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቢጫ።

ሆዱን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቢጫ።

ውስጥ እግሩን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። እሱም ቢጫ።

ሲስተር ወይንሸት ፈገግ አላለችም።

«ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ትንሽ ቢጫ ይላሉ፤ ያልፍላቸዋል» አለች። «ያሲን ግን እስከ እግሩ ቢጫ ሆኗል። ጡትም አልጠባም ብሏል። አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለበት።»

የእማዬ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ረምላ የአባዬን ኮት ጨምድዳ ያዘች። «እኔ ነክቼው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተር ወይንሸት ቁጭ ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አይደለም። ማንም ምንም አላደረገውም። ደሙ ውስጥ ቢጫ ነገር በዝቶበት ነው። ሲበዛ ሕፃኑን ይጎዳል።»

«ይድናል?»

ሲስተር ወይንሸት ያሲንን በጨርቅ ጠቀለለችው። «ይዛችሁት መምጣታችሁ ጥሩ ነው» አለች። «ሐኪሞቹ ይረዱታል።»

እማዬና ያሲን በአምቡላንስ ሄዱ። አባዬ ረምላን ወደ ቤት መልሶ ለእማማ ሎሚ ሰጣትና ተከትሏቸው ሄደ።

ቤቱ ጭር አለ። አልጋው ባዶ ሆነ።

እማማ ሎሚ ምሳ አቀረቡ። ረምላ አንድ ጎረሰችና ተወችው። «አልወርድ አለኝ» አለች።

«እኔንም አልወርድ አለኝ» አሉ እማማ ሎሚ። «እናትሽን ፀሐይ አሙቂው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ረምላ ሄዳ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች። እማማ ሎሚ ጥብቅ አድርገው አቀፏት።

በማግስቱ አባዬ ረምላን ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ውስጥ መግባት አይፈቀድም። በመስታወት ብቻ ማየት ይቻላል።

ያሲን ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቷል። ልብስ የለውም፤ ዳይፐር ብቻ ነው ያደረገው። ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ለምንድን ነው ዓይኑን ያሰሩት?» አለች ረምላ።

«መብራቱ እንዳይጎዳው ነው» አለ አባዬ። «መብራቱ ደግሞ ቢጫውን እንዲያስለቅቀው ነው።»

«ብቻውን ነው።»

«አይደለም። እዪ፣ እናትሽ አጠገቡ ናት።»

እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ረምላን አይታ እጇን አነሳችላት።

ረምላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። «ጥባ፣ ያሲንዬ። ትንሽ ጥባ» አለች።

ያሲን ግን አልሰማትም። ተኛ።

አንድ ቀን አለፈ። ሌላም ቀን አለፈ። አባዬ ቤት የሚመጣው ለእማዬ ምግብ ሊወስድ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጅ ድምፅ ተሰማ።

«ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

ረምላ ሮጣ በሩን ከፈተች። እማዬ ናት። ያሲን እቅፏ ውስጥ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጮኻል።

«ምን ሆነ?» አለች ረምላ።

«ርቦት ነው» አለች እማዬ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ሳቅ አለበት።

ቁጭ ብላ አጠባችው። «ምጥጥ! ምጥጥ! ምጥጥ!»

አባዬ፣ እማማ ሎሚና ረምላ ዙሪያውን ቆመው አዩት። ሲጠባ ጆሮው ይንቀሳቀሳል።

«ሐኪሙ ደግመን እንድናመጣው ነግሮናል» አለች እማዬ። «ገና ይከታተሉታል።» ከዚያ የያሲንን ዓይን እንደገና አየች። ረምላም አየች። ቢጫው በጣም ቀንሷል።

ሲመሽ እማዬ ረምላን ትራስ አስደገፈቻት። ያሲንን ክንዷ ላይ አስተኛችላት። «ጭንቅላቱን ደገፍ አድርጊው» አለቻት።

ያሲን አዛጋ። ረምላም አዛጋች። አባዬ ጋቢ ደረበላቸው።

ያሲን ለካ ከባድ ነው። የረምላ ክንድ ዛለ።

ግን ውሰዱልኝ አላለችም።