የጤነኛዋ ደም

ይመኙሻል ደሟን የሰጠችው በፈቃዷ፣ ያውም እየሳቀች ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ፣ ሠረቀብርሃን የሚባል የጫጫ ልጅ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ያጠናል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ላይ ያለው ፕሮቲን ደም ውስጥ ካለ፣ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ ከሌለ ሲታጠብ አብሮ ይወርዳል። በመጨረሻ የታመመው ሰው ደም አረንጓዴ ያበራል፣ የጤነኛው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ ጎን ማነጻጸሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። ይህን ደም የሚሰጠው ደግሞ አዲስ የተቀጠረ ሰው ነው።

«አዲስ ገቢ ደም ይከፍላል፤ የቤቱ ደንብ ነው» አላት መርፌውን ይዞ።

«እኔማ ሻይ የሚያስጋብዙኝ መስሎኝ ነበር።»

«ሻይም አይቀርልሽም።»

«ደሜን ወስደህ ሻይም? አንተ ግብር ሰብሳቢ ነህ እንዴ?»

ደሟ ፍሪዘር ገባ። የፊተኛው ማነጻጸሪያ ገና ስላላለቀ ለጊዜው የሚነካው አልነበረም። የጤና ሠራተኛ ናትና ክትባቱን ተከትባለች፤ ከመከተቧ በፊት ግን ትመርመር ያለ ሰው አልነበረም።

አንቲቦዲው ብርሃን አይወድም። ብዙ ብርሃን ካገኘው ቀለሙ ይደክማል። ስለዚህ የሚሠሩት መጋረጃ ዘግተው፣ መብራት አጥፍተው ነው። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ሰው ከማየት ይልቅ መስማት ይለምዳል። ሠረቀብርሃንም አተነፋፈሷን ለመደ፤ ስትቆጥር ከንፈሯን እንደምታንቀሳቅስ፣ ሲበርዳት ጣቶቿን ብብቷ ሥር እንደምትከት አወቀ። አንድ ቀን መጋረጃው ሲከፈት ሁለቱም እኩል ቀና አሉና ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃውን ለመክፈት የሚቸኩል ጠፋ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። የይመኙሻል አባት ቄስ ወልደተንሣኤ አንኮበር ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን በደህና ተቀበሉ። «ለታናሿ ለቤዛ ቀን ቆርጠናል። ከፋሲካ በኋላ እሷን እንዳር፤ የእናንተን ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ። እሺታ ነበር። ሠረቀብርሃን ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ብርድ ያለባት ከተማ አልመስል አለችው።

በጾሙ መግቢያ የፊተኛው ማነጻጸሪያ አለቀ። የይመኙሻል ደም ከፍሪዘር ወጣ።

አበራ።

«በደንብ አላጠብከውም» አለችው ከጎኑ ቆማ።

አጠበው፣ ደገመው። በመመርመሪያው ሳህን ላይ ዙሪያውን ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ጨልመው፣ አንዷ ብቻ እንደ ጥሬ ባቄላ አረንጓዴ ሆነች። ሠረቀብርሃን ዞር ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«የእኔ ነው አይደል?»

ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስሟን አዙሮ አሳያት።

«እናቴ ሆዷ ተነፍቶ ነው የሞተችው» አለች ቀስ ብላ። «የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል አጠጧት።»

«ይመኙ፣ ስሚኝ። ክትባቱን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ፤ ወደ እኔ አይመጣም። አንቺም ክትትል ትጀምሪያለሽ፣ ካስፈለገ መድኃኒት አለ። እኔና አንቺን የሚለያይ ነገር አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔ ያሰብኩት ስለ እኛ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ ከሆነ፣ ቤዛስ?»

ቅዳሜ ዕለት የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስፈቅደው፣ የበረዶ ሣጥን ጭነው አንኮበር ወጡ። ቄሱም ቤዛም ደም ሰጡ። ውጤቱ ሲደርስ፣ በሌላ ቅዳሜ፣ በዚያው መኪና ተመለሱና በር ዘግተው ተናገሩ። አባትየው ነጻ ናቸው። ቤዛ ግን እንደ እህቷ ነበረች።

«እጮኛዬ ይከተብ ነው የምትሉኝ? ሌላ ነገር የለም?» አለች ቤዛ።

«ሌላ ነገር የለም» አላት ሠረቀብርሃን።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁን ለብቻው ጠርቼ እኔው አስረዳዋለሁ። እስከዚያ ከዚህ ቤት ወሬ አይውጣ።»

ወሬው ግን ከቤት አልወጣም፤ ከበር ነው የተነሣው። ማኅተም ያለበት መኪና፣ የበረዶ ሣጥን፣ የእጅ ጓንት የያዘ ወጣት፣ ያውም ሁለት ጊዜ! በማግሥቱ እሑድ ሠረቀብርሃን ከቅዳሴ በኋላ እንደ አማች ተጋብዞ ሰንበቴ ተቀምጦ ሳለ፣ ከኋላው ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማ። የቄሱ ቤት ውስጥ ስሙ የማይጠራ በሽታ ገብቷል፤ ሚስትየዋንም የገደላቸው እሱ ነው፤ እያሉ ነበር።

ደሙ ፈላ። የተማረ ሰው ነውና፣ ወሬን የሚያጠፋው እውነት ነው ብሎ ያምናል። ብድግ አለ።

«አባቶች፣ እናቶች፣ አንድ ነገር ልናገር። በቄስ ወልደተንሣኤ ቤት የተገኘው የወፍ በሽታ የምትሉት የጉበት ቫይረስ ነው። በደም ይተላለፋል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፣ ስትወልድ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ክትባት አለው። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሽክና በመጠጣት ግን ፈጽሞ አይተላለፍም።»

አንድም ሐሰት የለበትም። ሽክናው ያን ጊዜ ከቄሱ እጅ ወጥቶ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ እጅ ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ወደ አፋቸው ወስደውት ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ጠላውን አዩት። ከዚያ ሰው እንዳያስቀይሙ በጣም ተጠንቅቀው፣ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

የሚያነሣው ጠፋ።

ሠረቀብርሃን ከሴቶቹ መካከል ይመኙሻልን አያት። አልተቆጣችም። አንድ ውድ ዕቃ ከእጁ ሲወድቅ አይታ፣ ገና መሬት ሳይደርስ መሰበሩን ያወቀች ሰው ትመስል ነበር።

ሳምንቱ ሳይሞላ የቤዛ እጮኛ ሽማግሌዎች መጡ። ልጃችን ገና ሥራ አልያዘም፣ ትንሽ ይቆይልን አሉ። እስከ መቼ እንደሚቆይ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ሠረቀብርሃን ልጁን ፈልጎ አገኘው፤ አስረዳው፣ ለመነው።

«ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ አምንሃለሁም። እናቴ ግን እሷ ከቤቴ ከገባች የልጅ ልጄን አላቅፍም ብላለች። ምን ላድርግ?» አለው ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ቄስ ወልደተንሣኤ ዘንድም ሄደ። ቆመው ነው የተቀበሉት።

«አባ፣ ለመርዳት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ ቄስ ነኝ፤ እውነት ተናገረ ብዬ ሰው አልረግምም። ግን እውነትም ጊዜ አለው፣ ቦታ አለው፣ ባለቤት አለው። አሁን ከሰንበቴው የምጠጣበትን ሽክና ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው። ይህ ለእኔ ምንም አይደለም። ለቤዛ ግን…» አልጨረሱትም። «ሁለተኛ ወደዚህ በር ሽማግሌ አትላክ።»

ይመኙሻል ወደ አልዩ አምባ ጤና ጣቢያ መዛወሯን የሰማው ከሰው ነው። የምትሄድበት ቀን አንኮበር መኪና መሳፈሪያ ደረሰባት። ከቆላው የሚወጣው ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ ሰው ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም ነበር።

«እንጠብቅ» አላት። «ቤዛ እስክታገባ እንጠብቅ።»

«እስክታገባ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁት ነበር።

«እሷ ቀኗ ፈርሶ ጓዳ ተቀምጣ፣ እኔ ላፈረሰው ሰው ልዳር? በየትኛው ፊቴ ነው የማያት?»

«ይቅር በይኝ።»

«ምኑን? ጥፋት ቢኖርብህማ ይቅር እልህ ነበር፤ ይቀለን ነበር።» ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች። «አንድ ነገር ግን አድርግልኝ። ሰው ሲጠይቅህ ተለያየን አትበል። ትታኝ ሄደች በል።»

«ለምን?»

«ተለያየን ካልክ፣ በሽታውን የሚያውቀው ሰው እንኳ ፈርቶ ሸሸ ይላሉ። ያኔ ቤዛን የሚጠይቅ አይኖርም። እኔ ተውኩህ። አንተ እንዳገባህ ለምነኸኝ፣ እኔ እምቢ አልኩህ።»

«ይህማ እውነት ነው።»

«አዎ፣ እውነት ነው። በምን ምክንያት ሲሉህ ግን ትዋሻለህ።»

«ምን ልበል?»

አየችው። ለመጨረሻ ጊዜ የሚታይ ነገር እንደሚታየው አድርጋ አየችው። «መልኬን አልወደደችውም በል።» ሳቅ አለችና ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «አደራ፣ አስተካክለህ ዋሽ። አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽልኝ።»

መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ድምፁ ብቻ ተሰማ፤ እሱንም ጉሙ ዋጠው።

ዛሬ ሠረቀብርሃን ከሥራ በፊት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ የአንኮበር መኪኖች የሚቆሙበት ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሾፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ እህል ሸጠው የሚመለሱት ገበሬዎች ሁሉ ያውቁታል። የማያውቀው ሰው ሲገኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጀምራል።

«የቄስ ወልደተንሣኤን ልጅ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ትታኝ ሄደች እኮ!»

«ምን ጎድሎህ?»

«መልክህ አላማረኝም አለችኝ።»

«እውነቷን ነው!» ይላል አንዱ ሾፌር፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። «አፍንጫህን አይታ ነው የሮጠችው!»

እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ትናንት አንድ የአንኮበር ሰው አጠገቡ ተቀመጠ። የተለመደውን ነገረው፤ ሰውየውም ሳቀለት፣ አዘነለት። ከዚያ ሠረቀብርሃን ስኒውን እያሽከረከረ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ ጠየቀ።

«ታናሿስ? ቤዛ የምትባለው። ጠያቂ መጣላት?»

«ኧረ ወዲያ! ማን ደፍሮ?»

ሠረቀብርሃን ለሰውየው ሁለተኛ ሻይ አዘዘለትና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ጀመረለት።