ቀድሞኝ ያጠጣው ማን ነው?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነበርኩ። እናቴ ሳይነጋ ውሃ ዳር አትሂጂ፣ የፈላ ውሃ ስትደፊ ቢስሚላህ በይ እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ እኔም ቢስሚላህ እላለሁ፣ ግን ጂን መርሳ ከተማ ውስጥ ምን ሥራ አለው እያልኩ አሾፍባት ነበር። አሁንም ጂን ነው አልልም። ምን እንደነበረ አላውቅም። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀን ቀን መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዩኒፎርምና መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ የወጣቶች የተፈጥሮ ክበባችን አለ። ስንጀምረው ብዙ ነበርን፣ ጣውላ እየቆረጥን የንብ ቀፎ እንሠራ ነበር፣ ወፍ ለማየት ግራና በምትባለው መንደር በኩል በእግራችን እንወጣ ነበር፣ አፈርና ፍግ ቀላቅለን ላስቲክ ውስጥ እየሞላን ችግኝ እናፈላ ነበር። ከዚያ አንዱ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንዷ ዓረብ አገር፣ አንዱ አገባ፣ አንዱ ዝም ብሎ ሰለቸው፣ እኔና አናጢው ጌታቸው ብቻ ቀረን። ንቦቹም ሳይቀሩ ከቀፎው ወጥተው ሄዱ፣ እውነቴን ነው።

ችግኞቹ ግን ለጌጥ አልነበሩም። ከሰፈራችን በላይ ያለው ተዳፋት ራቁቱን ቀርቷል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቦረቦሩን እየናደ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል፣ የእናቴን የጓሮ አጥር ይዞት ከሄደ ቆየ። ሐምሌ ሲገባ ወይራውና ዋንዛው እዚያ ላይ መተከል ነበረባቸው፣ እስከዚያ ደግሞ መሞት አልነበረባቸውም።

የችግኝ ቦታችን የሚጠጣበት የመስኖ ቦይ ግንቦት ላይ ደረቀ። እዚያው ካለው የእጅ ፓምፕ በጄሪካን እየቀዳን ማመላለስ ጀመርን። በዚህ መሃል የጌታቸው እህት ታማ ወልድያ ሆስፒታል ተኛች፣ ሊያስታምማት ሄደ። “አብሽሪ፣ ቶሎ እመለሳለሁ” አለኝ። አልተመለሰም፣ እንዴትስ ብሎ ይመለሳል፣ እህቱ ናት።

ድካም ስላችሁ ተኝቶ የሚወጣ ድካም እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጄሪካን፣ ቀን ስፌት፣ ማታ ጄሪካን፣ መርፌ ስሰካ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እየደወለች “እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ፣ እኔ ጋ ስፌት ሞልቷል” ትለኛለች። ልሄድ ወስኜ ነበር፣ ለእናቴም ገና አልነገርኳትም። ችግኞቹም ከደረቁ ይድረቁ አልኩ፣ ሰው ሲደክመው እንዲህም ይላል።

አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ ፀሐይ ወጣች። ሮጬ ስደርስ የችግኝ መደቦቹ ርሰዋል። ከቅጠሎቹ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አፈሩ ጠቁሯል። ደስታዬ ወሰን አጣ! ቦታውን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሽ ይመር፣ ከበሩ ውጪ ካለች ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

“አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ባይኖሩ አልቆልን ነበር።”

“ምን አደረግሁ?”

“አጠጥተውልኝ የለ እንዴ?”

“እኔ? በዚህ ጉልበቴ? እንኳን ጄሪካን ልሸከም እኔኑ ተሸከሚኝ ልልሽ ነው የደረስኩት” ብለው ሳቁ።

ጌታቸው ጋ ደወልኩ፣ መጥተህ ነበር ወይ አልኩት። “ኧረ ተይ ልጅት፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጪ እግሬን አላነሳሁም” አለኝ። በማግስቱም ስደርስ ርሷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፓምፑ በሰንሰለት ይቆለፋል፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው። ሰው ሊቀዳበት አይችልም። ይህን ሳስብ ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ።

ስለዚህ ሱብሂ ሰግጄ፣ ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ሄድኩ። ከአገዳ በሠራነው ጥላ ስር የግንድ መቀመጫ አለን፣ እዚያ ቁጭ አልኩ። ማጠጫው ቆርቆሮ ከራሴ በላይ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ነካሁት፣ ደረቅ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ፓምፑን ነው። ሲጢጥ… ሲጢጥ… ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ቀና ብዬ አየሁ፣ እጀታው አልተንቀሳቀሰም፣ ሰንሰለቱም እንደታሰረ ነው። ድምፁ ግን አለ። ከዚያ የእርምጃ ድምፅ፣ ሰው ከባድ ነገር ይዞ ሲሄድ አንዱ እግሩ ይጎተት የለ፣ እንደሱ፣ ውሃው ጄሪካን ውስጥ እየተንቦጫቦጨ። ከዚያ ደግሞ ቅጠል ላይ የሚወርድ ውሃ፣ ሽሽሽ የሚል። እመኑኝ፣ አቧራ የለበሰው የዋንዛ ቅጠል ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠቆረ፣ እየረጠበ፣ ወደ እኔ ሲመጣ በዓይኔ አየሁ። ሰው የለም። ማንም የለም።

ልሮጥ ነበር፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ከፍርሃት ይሁን ከድካም አላውቅም። ያ ነገር አጠገቤ ሲደርስ ቆመና፣ ወገቡን እንደሚያቃና ሽማግሌ “እህህ…” አለ። እንዲያ ያለ መሰልቸት፣ እንዲያ ያለ ድካም ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፣ አዘንኩለት። አንተ ልበል አንቺ ልበል ግራ ገባኝና፣ በደንቡ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣

“አይዞዎት” አልኩ። “ይረፉ። የቀረውን እኔ አጠጣለሁ።”

  ከዚያ የተቀመጥኩበት ግንድ በወዲያኛው ጫፍ ጓ ብሎ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ትንሽ ዘመም አለ። እኔ ወደዚያ አልዞርኩም፣ ዙሪ ብትሉኝም አልዞርም ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። ግንዱ ቀለል ሲል ነው መነሳቱ የታወቀኝ፣ ተነስቼ ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁና የቀረውን መደብ አጠጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ጄሪካኔን ይዤ ስወጣ ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው ተቆጡኝ።

“አንቺ ልጅ፣ ነውር አይደለም እንዴ? በዚህ ዕድሜያቸው እናትሽን ውሃ ታሸክሚያለሽ?”

“እናቴን?”

“አሁን ወጡ እኮ። ልደግፍዎ ብላቸው እጄን ሳይነኩኝ አልፈው ወደ ተዳፋቱ ሄዱ።”

“ጋሽ ይመር፣ እናቴን ያውቋታል እንዴ?”

“አላውቃቸውም። ግን ምን ማወቅ ያሻዋል፣ አንቺኑ ናቸው፣ ቁርጥ! ሸብተዋል እንጂ፣ ግራ ትከሻቸውን ጣል አድርገው ሲራመዱ ሳይቀር አንቺን።”

እናቴ አጭርና ቀይ ናት፣ እኔ ወደ አባቴ ነው የወጣሁት፣ አንድም ሰው ትመሳሰላላችሁ ብሎን አያውቅም። ግራ ትከሻዬ የወረደው ደግሞ ጄሪካን መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ቤት ስደርስ እናቴ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች፣ ከቤት ወጥተሽ ነበር ወይ አልኳት። “በዚህ ጠዋት የት እወጣለሁ፣ ምነው ፊትሽ ነጣ?” አለችኝ። እንቅልፍ አጥሮኝ ነው ብያት ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ችግኞቹን ያጠጣ ማንም አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። ጌታቸው እህቱ ድና መጣ፣ ነገሩን ስነግረው መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው፣ ጄሪካኑን ከእጄ ተቀበለኝ። ሐምሌ ላይ ተከልን፣ ዝናብም ጣለ፣ ከተተከሉት ብዙዎቹ ያዙ፣ ቦረቦሩ ግን አሁንም አልቆመም፣ ገና ብዙ ይፈልጋል። አዲስ አበባ አልሄድኩም። ልሂድ ብዬ ሻንጣ ያወረድኩበት ጊዜ አለ፣ እንደገና መልሼ ሰቅየዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ፍቅር የያዘሽ ሰው አለ እንዴ ትለኛለች። ስቄ ስልኩን እዘጋለሁ።

ዘንድሮም ቦዩ ደረቀ። ያው ፓምፕ፣ ያው ጄሪካን። በቀደም ጠዋት ውሃ ተሸክሜ ሳልፍ ጋሽ ይመር ከጎጇቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ የሰፈር ሰው እንደሚጠየቅ አድርገው፣ ምንም ሳይመስላቸው ጠየቁኝ።

“እናትሽ ዘንድሮ አይመጡም?”

አፌ ሳያማክረኝ “ይመጣሉ” አልኳቸው።