ሞቱን ራሱ የፈረመው መምህር

«እህቴ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ» አለቻት የመምህራን ማኅበሩ የጥቅማጥቅም ሠራተኛ፣ ወንበር እየሳበችላት።

መምህርቷ ቆማ ቀረች። «ማን ሞተብኝ?»

«ባልሽ ነዋ!»

«ኧረ እኔ ባል የለኝም...»

ሠራተኛዋ ፋይሉን ገለጠችላት። ሟቹ የታሪክ መምህር ነው። አንድ ነገር ቢደርስበት እንድትጠራለት ያስመዘገባት ሰው ደግሞ እሷ ናት፤ ሙሉ ስሟ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መምህርቷ ክው አለች። ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። እሱ በጠዋት ፈረቃ፣ እሷ በከሰዓት፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ዓመት አስተምረዋል። የሚገናኙት በሰሌዳው ጥግ ላይ ብቻ ነበር። «ጠመኔ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ» ይላል እሱ። «አመሰግናለሁ፤ ግን መስኮቱን ይዝጉልኝ!» ትላለች እሷ። እንደ ቀልድ ነበር የተጀመረው። በኋላ በኋላ ግን እሱ የጻፈውን ለማጥፋት እጇ እምቢ ይላት ጀመር።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች።

«ይኸው፣ የሞት ማስታወቂያ ቅጹ ባለፈው ሳምንት ደረሰን። ቀሪውን ማስረጃ ታመጫለሽ ብለን ነው የጠራንሽ።»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ያንን ወደ ግራ ያጋደለ የእጅ ጽሑፍ የትም ብታየው አትስተውም።

«ይሄ የራሱ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ፊርማውም የራሱ ነው።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ሰው የገዛ ሞቱን ይፈርማል እንዴ?»

«እሱስ ይሁን... ትናንት ሰሌዳው ላይ ጽፎልኝ ነበር እኮ!»

መምህርቷ ብድግ ብላ ወጣች።

ትምህርት ቤት ስትደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። የጠዋቶቹ ወጥተዋል፣ የከሰዓቶቹ ገና አልገቡም። ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። ከክፍሏ ውስጥ ግን ጠመኔ ሲፋቅ ተሰማት። ትንሽ ይፋቅና ዝም ይላል... ደግሞ ይፋቃል። በሩን ገፋችው።

ክፍሉ ባዶ መሰላት። ሰሌዳው ላይ የዛሬው ቀን ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ግን መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ አይነበብም። ከበሩ ጀርባ የሰው ትንፋሽ ሰማች። ዞር ስትል አንድ ረጅም ሰውዬ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ወደ እሷ ይመጣል። ዐይኖቹ እሷን አልፈው ያያሉ።

«የፈጣሪ ያለህ!»

ሰውዬው ከእሷ ብሶ ደነገጠ። «ማነው?»

«የሞቱት እርስዎ ነዎት?» አለች ሌላ ቃል ቢጠፋት።

«ማን ሞተ?»

የቅጹን ነገር ነገረችው። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ እንባ ሆነ።

«እኔኮ ለሕክምና ነበር የሞላሁት። ማኅበሩ የዐይን ቀዶ ሕክምና ይሸፍናል አሉ። ቅጹን ሰው ቢያነብልኝ አለማየቴ ይታወቃል፤ ከክፍሌ ያስወጡኛል። ፈራሁና በግምት አንዱን አንስቼ፣ በቀረችኝ ጭላንጭል ሞላሁ...»

«ተማሪዎቹስ?»

«እነሱ ያውቃሉ። ስጽፍ እጄን ይመሩልኛል፣ አንቺ የጻፍሽውንም ያነቡልኛል፤ ትንፍሽ ያለ የለም።»

«የእኔስ ስም? ሳያስፈቅዱኝ!»

«እሱ የቆየ ነው፤ ያኔ ዐይኔ ያይ ነበር። ስምሽን በሩ ላይ ከተለጠፈው ፕሮግራም ቀዳሁት።» አንገቱን ደፋ። «የምዝገባ ቅጹ ሰው ጥራ ሲለኝ ማንን ልጥራ? በቀን አንዴ እንኳ የምታናግረኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ልትቆጣ ብላ ነበር፤ አልሆነላትም። እጁን ያዘችው። «ና እንሂድ» አለች፤ እርስዎ ማለቱ እዚያው ቀረ።

ሟቹ በበሩ ገብቶ «እንደምን ዋልሽ» ሲላት የማኅበሩ ሠራተኛ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ደንግጣም ቢሆን ነገሩን በሦስት ቀን ጨረሰችለት። ሕክምናው ተፈቀደ፤ የሕመም ፈቃዱ እስኪያልቅ ቦታው እንዲጠበቅለትም ተደረገ። አንድ ዐይኑ ጠፍቷል። ሁለተኛው ከዳነ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ካልዳነ ማኅበሩ ሌላ ሙያ ያሠለጥነዋል።

«ሌላ ሙያ አልፈልግም» ይላታል በየቀኑ። እሷም ታጽናናዋለች። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን የዳነ እንደሆነ ነው። ሦስት ዓመት በሐሳቡ የሣለውን ፊት ሲጠብቅ እኔን ቢያይስ?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው የተፈታ ቀን ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማለች። እሱ ዐይኑን አርገበገበና ወጣቷን ነርስ አያት። ፊቱ በራ።

«ልክ እንዳሰብኩሽ ነሽ...»

«እኔ ነርሷ ነኝ» አለች ልጅቷ አፍራ።

መምህርቷ ቦርሳዋን አነሳች። «እንኳን ዐይንህ በራልህ። ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ... እኔ ልሂድ።»

ድምፅዋን ሲሰማ ዞረ። ዐይኑን ሳይነቅል አያት።

«ያሰብኩት ፊት ሌላ ነበር» አለ።

«አይቻለሁ።»

«አሁን ግን ጠፋኝ። እየፈለግኩት ነው፣ የለም... ምን እንደሚመስል እንኳ ረሳሁት። አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽው።»

ቦርሳው ከእጇ ወደቀ። «እና?»

«እናማ አግቢኝ።»

«እሺ» አለች፣ ነርሷ ቆማ እየሰማች።