የዘጠኝ ሰዓቱ ምሳ

የኔታ ህሩይ አዘዞ በሚገኘው የአረጋውያን ማዕከል አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ነበር። ሐኪሙ የደማቸው ስኳር ከልክ በላይ ወርዶ እንደሞቱ ተናገረ። ለስኳር ሕመማቸው በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋቸው ሲስተር ሕይወት ነበረችና መጠኑን አብዝታለች ተብላ በዚያው ምሽት ታሰረች። የሚጠባ ልጇ ጎረቤት እጅ ቀረ።

ኢንስፔክተር ሐረገወይን ዓርብ ጠዋት መጣች። አጭር ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም፤ ቸኩሎ የሚያስር ፖሊስ ደግሞ ያበሽቃታል። መጀመሪያ የማዕከሉን ሥራ አስኪያጅ አቶ ይበልጣልን አነጋገረች።

«የኔታ ጠላት ነበራቸው?»

«ቄስ፣ የቅኔ መምህር! ምን ጠላት ይኖራቸዋል? ደቀ መዛሙርታቸው አይደሉም እንዴ ተሰብስበው የሚከፍሉላቸው?»

«ማዕከሉ የመንግሥት አይደለም? ምን ይከፈላል?»

ይበልጣል አንገቱን ደፋ። «ከጥር ወዲህ ይከፈላል። በጀታችን በግማሽ ተቆረጠ። ሁሉንም በነፃ ላብላ ብል በሁለት ወር በሩን እዘጋለሁ። የሚችል ይክፈልና ቤቱ ይቁም አልኩ።»

«የማይችልስ?»

«ዘጠኝ ሰዎች ወጡ። እንቅልፍ የማገኝ እንዳይመስልሽ።»

ከጀርባው፣ በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ምግብ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው ቦታውን ያጣል ይላል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ዕለት አብሯቸው ከሚያድረው ከአያ ቢያዝን ጋር ተጣልተው ነበር። ‹ዛሬ ሞትዎ ነው!› ብሎ ሲጮህ ወጥ ቤት ድረስ ተሰምቷል።»

አያ ቢያዝን ከአይከል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ የሚከፍሉትም የመጨረሻ በሬያቸውን ሸጠው ነው። ሐረገወይን ከረቡዕ ጀምሮ ተቆልፎ የቆየውን ክፍል አስከፍታ አብረዋት እንዲገቡ አደረገች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሳህንና ግማሹ የተጠጣ ሻይ ነበር።

«ረቡዕ ምሳው ምን ነበር?»

«ዳቦና የባቄላ ንፍሮ። የኔታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፤ መርፌውም ከምሳው በኋላ ነበር።»

«ጥርስ ነበራቸው?»

«አንድም። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ ንፍሮውንም በጣታቸው እየፈጩ ነበር የሚበሉት።»

ሐረገወይን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ከሥሩ ጥቂት የሻይ ቅጠል እንጂ አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ አልነበረም።

«አያ ቢያዝን፣ በምን ተጣላችሁ?»

«ተገዝቻለሁ ልጄ። እንዳልናገር ገዝተውኛል። የሞተ ቄስ ግዝት አላፈርስም።»

«ሲስተር ሕይወትስ? ልጇስ?»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔን እሰሪኝ። ምነው እኔን አታስሪኝም?»

«እንግዲያው አይናገሩ። ዝም ብለው ይቀመጡ፤ እኔ እፈልጋለሁ።»

ሳጥኑን ከፈተች፤ ሽማግሌው ዝም ብለው ያዩዋታል። መደርደሪያውን በረበረች፤ አሁንም ያዩዋታል። ፍራሹን ስታነሳ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፍራሹ ሥር አንድ አኮፋዳ ወጣ፤ የቆሎ ተማሪ ለምኖ ያገኘውን የሚይዝበት፣ ከሰሌን የተሠራ አሮጌ ቦርሳ። ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪና ሁለት ፍሬ ንፍሮ ነበረበት። የሰማንያ ዓመት መምህር የተማሪ አኮፋዳ ምን ያደርግላቸዋል?

መስኮቱ የሚያየው የኋላውን አጥር ነው። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ክፍተት አለው፤ ከክፍተቱ ወዲያ ደግሞ ከማዕከሉ ከወጡት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ የሆኑት የእማማ ትርንጎ ደሳሳ ጎጆ አለች። እማማ ትርንጎ ዓይናቸው ፈዟል፤ የሰው ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም።

«የኔታን ያውቋቸው ነበር?»

«ህሩይን? ከቆሎ ተማሪነቱ ጀምሮ ነዋ! እዚያ ትክል ድንጋይ ከተማ፣ ደጃችን ላይ ቆሞ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ሲል ከራቴ ቆርሼ የምሰጠው እኔ ነበርሁ።» ሳቅ አሉና ወዲያው እንባቸው መጣ። «እሱ ይቅደመኝ?»

«እማማ፣ ምሳ ከየት ነው የሚያገኙት?»

«ከማዕከሉ። ‹ይቺ ድርሻሽ ናት› እያለ እሱው በአጥሩ ያቀብለኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ እኩል ነበር የሚያመጡልዎት?»

«የለም፣ ወትሮ ግማሽ ዳቦ ናት። ማክሰኞ ለት ‹ምነው ህሩይ፣ ድርሻዬ አነሰችሳ፤ እንቅልፍ አልወስድሽ አለኝ› ብዬ አማረርሁበት። እሱ እቴ፣ ረቡዕ ሙሉ ዳቦ ይዞ መጣ። ሸጋ አድርጌ በላሁ፤ ሸጋ እንቅልፍም ተኛሁ።»

ሐረገወይን ማስታወሻዋን ዘጋች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው እውነት ግን ሳይጠራ ቢቀር በወደደች። ብትናገረው እኚህን አሮጊት ይገድላቸዋል፤ ብትደብቀው ሕይወት እንደታሰረች ትቀራለች። አዛኝ ሰው ፖሊስ መሆን የለበትም እያለች ተመለሰች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበች። ሕይወትን አንድ ፖሊስ በካቴና አመጣት። እማማ ትርንጎን ግን ሆን ብላ አልጠራቻቸውም።

«የመድኃኒቱን ጠርሙስ መርምሬያለሁ» ብላ ጀመረች። «የጎደለው እንደ ወትሮው ነው። ያው መርፌ ነው፤ ያው በሽተኛ ናቸው። ረቡዕ የተለወጠው ምሳው ብቻ ነው። ሲስተር፣ ከመውጋትሽ በፊት ምን አየሽ?»

«ባዶ ሳህን። ‹በሉ ወይ?› ስላቸው ሳህኑን አነሱና አሳዩኝ።»

«አዎ፤ መዋሸት ስለማይችሉ ሳህን አሳዩሽ። ጥርስ የሌላቸው ሰው ዳቦ በልተው ቢሆን ሻያቸው ውስጥ ፍርፋሪ ይገኝ ነበር። ፍርፋሪው የተገኘው አኮፋዳቸው ውስጥ ነው። ለሳምንታት የምሳቸውን እኩሌታ በአጥሩ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ረቡዕ ሙሉውን ሰጡ። አያ ቢያዝን ይህን አይተው ‹ሞትዎ ነው› ብለው ጮሁ፤ የኔታም ገዘቷቸው። መርፌውን እምቢ ቢሉ ሲስተር ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ነገሩ ከወጣ ደግሞ በዚያ ማስታወቂያ መሠረት ቦታቸውን ያጣሉ፣ የሚመግቡትም ሰው ይራባል። ዕድሜውን ሁሉ የጾመ ሰው ጾም ይገድላል ብሎ አያምንም። የገደላቸውም ጾሙ አይደለም፤ በባዶ ሆድ የተወጉት መርፌ ነው።»

«ለማን ነው የሰጡት?» አለ ይበልጣል።

«አልናገርም።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ የተቀበለው ሰው ቃሉን ካልሰጠ ዐቃቤ ሕግ አይለቃትም።»

«ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ አልጠባም!» ብላ ጮኸች ሕይወት። «እባክዎ ይናገሩ!»

ሐረገወይን ከንፈሯን ነከሰች። ያኔ በሩ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። እማማ ትርንጎ መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ያየ የለም።

«ህሩይ ከሞተ ወዲህ ምሳ የሚያቀብለኝ አጣሁ» አሉ። «ድርሻዬን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ድርሻስ አልነበረኝም ለካ።» ምርኩዛቸውን መቃኑ ላይ አስደገፉ። «የበላሁት እኔ ነኝ። ጻፊ ልጄ፤ የዚችን ልጅ እጅ ፍቱላት።»

ሐረገወይን ጻፈች። እማማ ትርንጎ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ካቴናው ሲፈታላት ሕይወት ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ ራሷን ዳበሷትና «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ» አሏት። ይበልጣል ማስታወቂያውን አየው፤ አልቀደደውም። ቢቀድደውም ባይቀድደውም በጀቱ ነገ ያው ነው።

የዕለቱ ምሳ ወጣ፤ በሰው ቁጥር ልክ። አያ ቢያዝን የራሳቸውን ሳህን አንስተው እማማ ትርንጎ ፊት አኖሩት። አሮጊቷ ዳቦውን በጣታቸው ዳበሱ፤ ትኩስ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይኼስ የማን ምሳ ነው?» አሉ።

አያ ቢያዝን ባዶ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።