ዝጋ ወይስ ይዝጉ

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ታቢታ ድምፁን የሰማችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ገጹ እስኪከፈት ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ ስትጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር። ቀና ስትል የኢንተርኔት ቤቱ አምፖል ጠፍቷል። ስክሪኖቹ ብቻ ያበራሉ። የሚጮኸው መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ ነው።

«ሄደ» አለች የቤቱ ባለቤት ጽጌሬዳ ከበሩ አጠገብ ሆና። «ዛሬ እኮ ፈረቃው የእኛ አልነበረም። በሉ የጀመራችሁትን ጨርሱ፤ ይሄ ዩፒኤስ አርጅቷል፣ ብዙ አይቆይም።»

ገጹ የተከፈተው ልክ ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤው የአቶ ጌታቸው ነበር።

«ውድ ወይዘሮ ታቢታ፣ ውድ የትርጉም ሊስት አባላት፦ እትዬ ሸዋዬ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ካሉ እኔ ከእሳቸው በላይ ልናገር አልችልም። ከነገ ጠዋት ጀምሬ እስከ ዛሬ በፕሮግራሙ ላይ የተረጎምኩትን በሙሉ፣ ‹ይዝጉ› ያልኩትን ‹ዝጋ›፣ ‹ይክፈቱ› ያልኩትን ‹ክፈት› እያልኩ እለውጣለሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ ብዘገይ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጌታቸው።»

ታቢታ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ላይ «እትዬ ሸዋዬ» የሚለው ስም ያዛት። ወደ ኋላ ተመልሳ ሴትዮዋ የጻፉትን ከፈተች። ወደ ሊስቱ ያሳለፈችው ራሷ ናት፤ ግን የዚያን ዕለት ከሒሳብ ፈተና ወጥታ ስለነበር እስከ መጨረሻው አላየችውም።

«እኔ ያረጀሁ የቤት እመቤት ነኝ። ማሽን አንቱ ሲለኝ እፈራለሁ። ዝጋ ቢለኝ እዘጋለሁ፤ ምን ክብር ይቀንስብኛል? ልጆቼ፣ ነገሩን አታክብዱት። እትዬ ሸዋዬ፣ ከሀዋሳ።»

ዩፒኤሱ ረዘም አድርጎ ጮኸና ስክሪኑ ጨለመ።

ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ የክፍል ጓደኛዋ ኢዮስያስ በጨለማው ውስጥ ሳቀ። «አቦ፣ መልሴን ልልክ ስል!»

ታቢታ ቦርሳዋን ይዛ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ማሽን ሰውን አንተ ይበል ወይስ እርስዎ የሚለው ጥያቄ ከተነሳ ሰንብቷል። በየቦታው ያሉ ሰዎች ተባብረው አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ፕሮግራሙ የማንም ንብረት አይደለም፤ የፈለገ በነፃ ይወስደዋል፣ የቻለ ደግሞ ያስተካክለዋል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅማ፣ አንዱ መቀሌ ስለሆነ የሚገናኙት በሜይሊንግ ሊስት ነው። ወደ አንዱ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ለሁሉም ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላም ማንም እንዳያጠፋው ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። ሊስቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ የማስታወቂያ፣ አንዱ የጥያቄ፣ አንዱ የትርጉም። የትርጉሙን ሊስት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ጠባቂው የነበረው ሳሙኤል የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲይዝ፣ ሲያግዘው የነበረውን የትምህርት ቤቷን የኮምፒውተር ክበብ ቁልፍና የሊስቱን የይለፍ ቃል በአንድ ቀን ለታቢታ አስረከባት። «ቀላል ነው» ብሏት ነበር።

ቀላል አልነበረም። የአዲስ አባል የመጀመሪያ ደብዳቤ እሷ ሳታየው አያልፍም። አንዱ ፕሪንተሬ እምቢ አለኝ ብሎ ወደ ትርጉም ሊስት ይጽፋል፤ «ይህ ጥያቄዎ ለጥያቄ ሊስት ቢላክ» ብላ ትመልሳለች። ሌላው የሠርግ ጥሪ ይልካል። ሌላው ለአንድ ጓደኛው ብቻ የጻፈውን ቀልድ መልስ የሚለውን ተጭኖ ለሁሉም ያዳርሳል፣ ከዚያም አጥፊልኝ ብሎ ይለምናታል፤ እሷም ልታጠፋው አትችልም። ሳሙኤል የተወላት ደንብ አጭር ነበር። አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የሌላ ሰው ቃል ሳይጠየቅ አይለወጥ። የግል ነገር በግል ይላክ። ሁሉም በስሙ ይጻፍ። ታቢታ ይህን እየደጋገመች መጻፍ ሰልችቷታል። ቀን ቀን የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያልፋታል፤ ማታ ማታ ያመለጣትን ልትይዝ ስትል ደብዳቤዎቹ ይጠብቋታል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ኢዮስያስ የለውዝ ጥቅልል ይዞ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል።

«ለውዝ?»

«አልፈልግም።»

«ነገ ፕላዝማው ላይ እንድትተኚ ነው? ብዪ በናትሽ።»

«ኢዮስ፣ ሰው ራሱን እትዬ ይላል?»

ኢዮስያስ ለውዝ መፈልፈሉን አቆመ።

«እትዬ ሸዋዬ የእናንተ አከራይ ናቸው። ሲደወልላቸው እንኳን ሞባይላቸውን የምታነሳላቸው ያንተ እናት ናት። መቼ ነው ኢሜይል የጀመሩት?»

ኢዮስያስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁን ሊይዘው አልቻለም። «ነቄ ነሽ አይደል! በምን አወቅሽ?»

«ፊርማው ላይ እትዬ ብለህ ጻፍክ። ሰው ሌላውን እትዬ ይላል እንጂ ራሱን እትዬ ብሎ አይፈርምም።»

«ታዲያ ምን ልበል? ከተወለድኩ ጀምሮ የምጠራቸው እንደዚያ ነው። ሙሉ ስማቸው ነው የሚመስለኝ።»

ታቢታም ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ደከማት። «ደግሞ እሳቸውን ዝጋ ብትላቸው በከዘራ ነበር የሚመልሱልህ። ዝጋ ለወንድ ነው።»

«አንድም ሰው አልነቃም እኮ፣ ታቢ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው። እርስዎ ካሉ፣ እርስዎ ካሉ፤ ተሰልፈው እሺ አሉ።»

«አቶ ጌታቸው ነገ ጠዋት ሊጀምሩ ነው። የሠሩትን ሁሉ ሊለውጡ።»

«ሼባው?»

«ሼባ አትበላቸው። ዓይናቸውን ያማቸዋል። በምሳ ሰዓት ቢሮ ቀርተው ነው የሚሠሩት።»

ኢዮስያስ የለውዙን ልጣጭ በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። ሲናገር ድምፁ የቀልድ አልነበረም። «ስክሪኑ ላይ ስለሚጫኑት ቁልፎች ጽፌ አልነበር? ‹ይዝጉ› የሚለው በጠባቡ ቁልፍ ላይ አይገባም፤ መጨረሻው ይቆረጣል። ‹ይዝ› ነው የሚለው። ምን ይዤ ልሂድ? ማን መለሰልኝ? ‹ጎበዝ ልጅ፣ በርታ፣ ለትምህርትህም ጊዜ ስጥ።› ይሄ መልስ ነው?»

እውነቱን ነው። ታቢታ ደብዳቤውን ታስታውሰዋለች። መጀመሪያ ላይ «ተማሪ ነኝ» ብሎ ራሱን አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ የጻፈውን ያነበበለት የለም። ቁልፉ አሁንም «ይዝ» እንዳለ ነው።

«ደግመህ መጻፍ ነበረብህ። በስምህ።»

«በስሜማ ልጅ ነኝ። እትዬ ሸዋዬ አንዴ ብቻ ተነፈሱ፣ አለቀ።»

«አልተነፈሱም።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ የተነፈስኩት።» ጎንበስ ብሎ አያት። «ስሜን ልታወጪው ነው?»

«ሁሉም በስሙ ይጻፍ ነው ደንቡ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። እዚያ የተጻፈ አይጠፋም። የዛሬ አሥር ዓመት ሰው ስሜን ሲፈልግ ‹ኢዮስያስ፣ አሮጊት ሆኖ የጻፈው› ነው የሚመጣለት። ደግሞ አንቺ መጀመሪያም ‹ይዝጉ› ነው የምትይው። ስላሸነፍኩሽ ነው።»

«ማሽኑ ዝጋ ሲለኝ ከኋላዬ ያለውን ወንድሜን የሚያዝ ስለሚመስለኝ ነው። ‹ይዝጉ› ሁላችንንም ይይዛል።»

«ይኸው። ስላሸነፍኩሽ ነው።» የለውዙን ወረቀት ጨመደደው። «አንቺስ ራስሽ? ‹ወይዘሮ ታቢታ፣ እርስዎ እንደሚሉት።› አንድ ቀን ‹እኔ ወይዘሮ አይደለሁም፣ ዩኒፎርም ለብሼ ነው የምጽፍላችሁ› ብለሻቸው ታውቂያለሽ? ዝም ነው ያልሽው። ተመችቶሻል።»

ታቢታ ወደ አባ ኮዳው ቀና አለች። የመጀመሪያው «ወይዘሮ» ሲመጣ ስቃ ለእናቷ እንዳሳየቻት ትዝ አላት። ሁለተኛው ሲመጣ ላርመው ብላ አሰበች፤ ያን ዕለት አንድ ሰው የፕሪንተሩን ጥያቄ ይቅርታ ጠይቆ በትክክለኛው ሊስት ስለላከ ተወችው። ወይዘሮ ስትሆን ደንቡን ይሰሟታል። ከዚያ በኋላ መቁጠሩንም ተወችው።

ከጀርባቸው ጽጌሬዳ የጄኔሬተሩን ገመድ ሳበች፤ አንዴ አስነጠሰው፣ ደግማ ሳበችው፣ ተነሳ። ጭሱ እስከ ደረጃው መጣ። «ግቡ፤ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ነው» አለቻቸው።

ሁለቱም ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመካከላቸው ያለው የካርቶን መከለያ ፊት ይሸፍናል፣ ድምፅ ግን አይሸፍንም። ታቢታ የኢዮስያስን እግር መወዝወዝ በጠረጴዛው በኩል ይሰማታል።

ለአቶ ጌታቸው መልስ የሚለውን ተጫነች። «የእትዬ ሸዋዬን ደብዳቤ የጻፈው ኢዮስያስ ነው» ብላ ጀመረች። እውነት ነበር፤ ደንቡም ከእሷ ጋር ነው። ዓረፍተ ነገሩን ትንሽ አየችው። ከዚያ ፊደሎቹን ከኋላ እየለቀመች አጠፋችና እንደገና ጻፈች።

«የተከበሩ አቶ ጌታቸው፣ እባክዎ ነገ ምንም አይለውጡ። በሸዋዬ ስም የመጣው ደብዳቤ የሸዋዬ አይደለም። የማን እንደሆነ መናገር ያለበት የጻፈው ሰው ስለሆነ እኔ ስሙን አልጽፍም፤ እስኪናገር ግን ደብዳቤው በክርክሩ ውስጥ አይገባም።

«ውድ አባላት፣ ኢዮስያስ ስለ ጠባቦቹ ቁልፎች የጠየቀው እስካሁን መልስ አላገኘም። ‹ይዝጉ› እየተቆረጠ ‹ይዝ› ይላል። እኔ ‹ይዝጉ› የምል ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ልክ ነው። እባካችሁ ዕድሜውን ትታችሁ ጥያቄውን መልሱለት።

«እኔም ወይዘሮ አይደለሁም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከዚህ በኋላ ደንቡን ስነግራችሁ ይህን አውቃችሁ ስሙኝ፤ ካልሆነም ሌላ ጠባቂ ምረጡ። ታቢታ ኩማ፣ ከሀዋሳ።»

አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ የሚለውን ራሷ እንዳፈረሰችው ገባት። ለመከፋፈል ጉልበት አልነበራትም። ላክ የሚለውን ተጫነች።

ጽጌሬዳ ጋ ያለው መስመር ቀርፋፋ ነው። በመከለያው ማዶ የኢዮስያስ እግር እንደተወዛወዘ ቆየ። ከዚያ ቆመ። ደርሶታል ማለት ነው።

ታቢታ ዞራ አላየችውም። የኪቦርዱ ድምፅ መጣ፤ ጥቂት ፊደል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ፊደል። ውጭ የባጃጅ ሾፌሮች ወደ ታቦር ሰፈር የሚወጣ ሰው ይጣራሉ። ጄኔሬተሩ ድምፁ ቀነስ፣ ከፍ ይላል።

ነገ የሚመጣውን ታውቀዋለች። አንዱ «ልጅ ነሽ ለካ፣ ጎበዝ» ይላታል። አንዱ የይለፍ ቃሉ ለትልቅ ሰው ይሰጥ ይላል። ይስጡት። የሒሳብ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ሳትከፍተው፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች።

በመከለያው ማዶ ኪቦርዱ እንደቆመ አዲስ መልእክት ገባ። ከአባላቱ የመጣ አልነበረም። አባል በገባና በወጣ ቁጥር ሊስቱ ራሱ ለጠባቂው የሚልከው ማስታወቂያ ነው። አማርኛውን ከዓመት በፊት ያዘጋጁት አቶ ጌታቸው ስለሆኑ፣ ሊስቱ ማንንም አንተ፣ ማንንም አንቺ አይልም።

«አባል ሸዋዬ ከትርጉም ሊስት ወጥተዋል። የወጡበት ምክንያት፦»

ከነጥቦቹ በኋላ ምንም አልነበረም።