የቢያድግልኝ መሐላና ደረቁ ወንዝ

ዝም በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት። ይህን የምናገረው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ላስጠነቅቃችሁ ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሙን በማልጠራው መንደር፣ ከተራራው አናት ከበረዶ ግግር ሥር የሚወጣ ወንዝ ነበረ። ቀን ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ወንዙ ይሞላል፤ ሌሊት ቁሩ ሲያጠነክረው ይጎድላል። ስለዚህ መንደርተኛው የሚሻገረው በሌሊት ነበረ።

ወንዙ የቢያድግልኝና የሟቹ የአቶ ተድላ መሬት ወሰን ነበረ። አንድ ክረምት ግን የቀድሞ መውረጃውን ለቀቀና የተድላን እርሻ መካከሉን ቀድዶ ፈሰሰ። አሮጌው መውረጃ ነጭ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ። በሁለቱ መካከል የተረፈው መሬት የማን ነው? እናንተው ፍረዱ።

ሽማግሌዎች ከአዲሱ ወንዝ ማዶ፣ በተድላ ደጅ ተቀመጡ። ቢያድግልኝ ተነሥቶ፣ «ወንዙ ከዛሬው ቦታው ተነቃንቆ አያውቅም! ዋሽቼ እንደሆነ ውሃ ይውሰደኝ!» ብሎ ማለ።

«አንተ ሰው፣ ያ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ከሰማይ ዘነበ?» አለው አንዱ ሽማግሌ።

«ምያለሁ፤ አልመለስም!»

የተድላ ሚስት ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ፣ «የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋህ። ተድላ ይጠይቅህ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

መሐላ ነውና ተፈረደለት። ሌሊት ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። አዲሱን ወንዝ ተሻገረ፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ አላለፈም። የነጠቀውን መሬት አቋረጠ። ከደረቁ መውረጃ ደረሰ።

ምን ሰማ? የውሃ ድምፅ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ጥቂት ሄደ፤ ድምፁ ቀረበ። በድንጋዩ ላይ የእርጥብ እግር ዱካ አየ፤ ዱካው ወደ እርሱ ይመጣል። ቀና ሲል ሰው አየ። ሰውዬው፣ ውሃ በሌለበት፣ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆሟል።

«ጎረቤቴ ቢያድግልኝ፣ እንደምን አመሸህ? ልሻገር ነበር። የወሰናችን ወንዝ የት ነው?»

የተድላ ድምፅ ነበረ። «እዚህ ነው» ቢል በዳነ። አንዲት ቃል! አለ? አላለም።

«ከ... ከወዲያ ነው። ምያለሁ።»

«እንግዲያስ ልብስህን ለምን ሰበሰብህ?»

ቢያድግልኝ እጆቹን አየ። ሳያውቀው ልብሱን እስከ ወገቡ ሰብስቦ ይዟል።

ንጋት ላይ አገኙት። በደረቁ ድንጋይ ላይ ተንጋሎ፣ ጢሙ በረዶ ጋግሮ፣ አፉ ውሃ ሞልቶ። መሬቱ ለወይዘሮ ወርቅያንጥፉና ለልጆቿ ተመለሰ።

እንግዲህ ወሰን የገፋ ሰው ብቻውን አይሂድ። አንተ! አዎን፣ በሩ አጠገብ የተቀመጥኸው!

ልብስህን ለምን ሰበሰብህ?