ጋሽ ወዳጆ ያላስቆሙት ጠብታ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቦንጋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ አባቴ ከወልቂጤ መጥቶ የከፈተው ሱቅ ጓዳው ጂን አለበት ተብሎ ሠራተኛ ሁሉ አላድርም ሲል፣ እዚያው ጓዳ ፍራሽ አንጥፌ ስንት ክረምት ያደርኩት እኔ ነኝ፣ ከአይጥ በቀር የጎበኘኝ የለም። ሥራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው፣ የማምነው እጄ የነካውን ነው፣ አንድ ነገር ከፈሰሰ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን ካላየኸው አልፈለግከውም ማለት ነው። ይሄን ለስንቱ እየተቆጣሁ ተናግሬአለሁ። አሁን ግን ወዳጄ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን ልንገርህና ቀዳዳውን አንተ ፈልግልኝ፣ ወላሂ እኔ አላገኘሁትም።

ነገሩ የጀመረው ክፍሌ የአባቱን ሞተር እየገፋ መጥቶ ሱቄ ደጃፍ ሲያቆም ነው። ክፍሌ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ በሺሺንዳ መንገድ ደካ ተመድቦ የሚሠራ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ጨዋ ልጅ። መሥሪያ ቤቱ ‹ሞተር በጀት ተይዞልሃል፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ትረከባለህ› እያለ በስልጠና ላይ ስልጠና ሲደራርብበት ሰለቸውና፣ አባቱ ጋሽ ወዳጆ ከሞቱ ወዲህ ሸራ ለብሶ የቆመውን የጀርመን ሞተር አወጣው። በንጉሡ ጊዜ የገባ ነው፣ ጋሽ ወዳጆ ቡና መርማሪ ሆነው አገር ያዳረሱበት፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ፣ እንደሱ ያለ ብረት ዛሬ አይሠራም፣ እውነቴን ነው። ችግሩ ዘይት ያንጠባጥባል። ያንጠባጥባል ስልህ ከራሱ፣ ከጎኑ፣ ከሆዱ፣ የቆመበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ኩሬ ይተዋል።

‹ጋሽ በድሩ፣ ሰኞ ደካ መግባት አለብኝ፣ ከብቱ እያለቀ ነው› አለኝ ክፍሌ። ‹ዘይቱ ቁልቁለት ላይ ካለቀብኝ ሞተሩ ይነክስና ጎማው ተቆልፎ ገደል ይከተኛል። እባክዎ አንድ ጠብታ እንዳይቀር አድርገው ይድፈኑልኝ።›

እናቱ እትዬ ዘነበች አብረውት መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው ደግሞ ጠጋ ብለው፣ ‹ሌላውን ሁሉ ጠግንለት በድሩ፣ ከሆዱ የሚንጠባጠበውን ግን ተውለት› አሉኝ።

‹ለምን እትዬ?›

‹አባቱ አላስዘጉትማ። ዉሽውሽን አልፈው ጫካው ውስጥ አንዲት ድንጋይ አለች፣ እሷ ላይ ያቆሙታል፣ ትንሽ ያንጠባጥብላታል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ጫካው ድርሻውን ይውሰድ ይሉ ነበር።›

እንግዲህ የካፋ ሽማግሌዎች አዝመራ ሲደርስ ከእህሉም ከማሩም በኩሩን ለጫካው ያወጣሉ፣ ደጆ ይሉታል፣ የአገር ወግ ነው፣ አከብረዋለሁ። የሞተር ዘይት ደጆ ሲወጣ ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ‹እትዬ፣ ጫካው ማርሽ አለው እንዴ?› ብዬ ሳቅሁ። ክፍሌ አፈረ፣ እሱ ጌታን የተቀበለ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ መሬት መሬት ነው የሚያየው። እትዬ ዘነበች አልሳቁም።

ከዚያ ገባሁበት። አንድ ጠባዬን ልንገርህ፣ ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሱቄ ውስጥ ካለ እህል አይወርድልኝም፣ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ሚስቴ ‹እሱኑ አግብተህ አርፈህ አትቀመጥም?› ትለኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሳለሁ። ሞተሩን በናፍጣ አጠብኩት፣ የሞተሩን ራስ ቴስታታውን ፈትቼ በመስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ አስተካከልኩት፣ መሃል ገብቶ የሚያትመውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት በእጄ ቆረጥኩ፣ የጎማ ማተሚያዎቹን ከጅማ አስመጣሁ። የሆዱ ቡሎን፣ ዘይት የሚቀየርበት፣ ጥርሱ ተበልቶ ነበርና አዲስ ጥርስ አውጥቼለት ከመዳብ ቀለበት ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። እትዬ ዘነበች ተወው ያሉኝ እሱን ነው። እንዴት ልተወው? ሥራዬ እኮ ነው።

መደፈኑን የማረጋግጠው ደግሞ በራሴ ዘዴ ነው፣ በቡላ። ሌላው ጠጋኝ የሕፃን ፓውደር ይነፋል፣ እኔ ይሄ ከእንሰት የሚወጣው ነጭ ዱቄት ይሻለኛል፣ አድርቄ፣ ነፍቼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ሞተሩ ላይ አራግፈዋለሁ፣ ስስ ሆኖ ይለብሰዋል፣ እንባ የምታህል ዘይት ከወጣች ወዲያው ቡናማ ሆና ታጋልጣለች። ሰው ‹በድሩ ሞተር ቡላ ያበላል› ብሎ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። አስነሳሁት፣ አጋልኩት፣ አጠፋሁት፣ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሳየው ነጭ እንደለበሰ ነው። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ጋሽ ወዳጆ ዕድሜ ልካቸውን ያልተገላገሉትን እኔ ገላገልኩት ብዬ ኮራሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ልሞክረው ብዬ በሺሺንዳ መንገድ ወጣሁ። እንዴት ያለ ሞተር መሰለህ፣ ዳገቱን የሚወጣው ሳይጨነቅ ነው። ዉሽውሽ የሻይ እርሻው ዳር አቆምኩና፣ ሞተር እውነቱን የሚያወጣው ሲግል ነውና፣ ሆዱን በጨርቅ ጠርጌ ቡላውን እንደገና ነፋሁበት። ከዚያ ትንሽ እንደሄድኩ ዛፎቹ ከላይ የሚገጥሙበት ጫካ ገባሁ፣ ጉሬዛዎቹ ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ ይንጫጫሉ፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ሞተሩም ጠፋ።

ልብ በል፣ ሞተር ሲሞት ይናገራል፣ ያስነጥሳል፣ ይንተባተባል። ይሄ ግን ሰው ቁልፉን ያዞረው ይመስል ዝም አለ። ተንከባሎ ተንከባሎ መንገዱ ዳር ቆመ። ወርጄ ቤንዚኑን አየሁ፣ አለ። ካንዴላውን ፈትቼ እሳት መስጠቱን አየሁ፣ ይሰጣል። ረገጥኩት፣ እንቢ። ደግሜ ረገጥኩት፣ እንቢ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ጠብ። ቆየት ብሎ ጠብ።

ቅጠል ነው አልኩ፣ ዝናብ የጠጣ ጫካ መቼም ያንጠባጥባል። ግን የቅጠል ጠብታ ተዘበራርቆ ነው የሚወርደው፣ ይሄ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ወፈር ብሎ፣ ከእግሬ ሥር። የዘይት ድምፅ ነው። እመነኝ፣ የዘይትን ድምፅ ከውሃ ለይቼ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፣ ቡላው ነጭ፣ ደረቅ፣ ምንም የለም። ከሥሩ ያለውን ሳይ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ የዘመናት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ዝናብ ያላጠበው። ከጠቅላላው መንገድ ሞተሩ መጥቶ የቆመው እሷ ላይ ነው።

መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳ ነዋ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፣ ጋሽ ወዳጆም ያቆሙት ለዚያ ነው፣ ተንከባሎ የመጣ ነገር ሜዳ ላይ ይቆማል። ጠብ ይላል። ጉሬዛዎቹ መቼ ዝም እንዳሉ አላወቅሁም። የቡሎን መፍቻዬን ከኮርቻው ሥር አውጥቼ ስመለስ፣ የሆዱ ቡላ ላይ መስመር አለ። ጣት የምታህል፣ ከኋላ ወደ ፊት ተጎትታ ቡሎኑ ጋ ያበቃች። እኛ ጠጋኞች ዘይት አለ የለም ለማለት በጣታችን የምንጠርገው አጠራረግ ነው። የኔ ነው እንዳልል እጄን አየሁት፣ ግራሱና ጥላሸቱ እንዳለ ነው፣ ነጭ አልነካውም። እጄን ከሥሩ ጨርሶ አላስገባሁም። ዞሬ ወደ ማዶ ሄድኩ፣ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ፣ ሰው የለም፣ ላም እንኳ የለም። ስመለስ ከመጀመሪያዋ አጠገብ ሌላ መስመር ተሰምሯል፣ ይሄኛው ቡሎኑን ዞሮታል፣ እንደሚፈልግ ሰው።

ፈራሁ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ለጥበቃ የሚቀራውን አያተል ኩርሲን ጀምሬ መሃሉ ጠፋብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀውን። ጥዬው በእግሬ ልመለስ አሰብኩ፣ ግን ክፍሌ በማግስቱ በዚህ መንገድ ሊያልፍ ነው፣ ይሄን ነገር ለሱ ትቼለት የት እሄዳለሁ? ከዚያ፣ ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቀኝ፣ ተንበርክኬ ያንን ጥርቅም አድርጌ ያሰርኩትን ቡሎን ፈታ አደረግኩት። ዘይቱ በክሩ በኩል መጣ፣ ተንጠለጠለ፣ ድንጋዩ ላይ ወረደ። ድምፅ የለውም። ወላሂ እያየሁት ይወርዳል፣ ሲያርፍ አይሰማም፣ ያ ጠብ ጠብ የሚለውም ቀጥ ብሏል። ጥቂት ካንጠባጠበ በኋላ ቡሎኑን መልሼ አጠበቅኩት። ሞተሩ በመጀመሪያው ረገጣ ተነሳ።

ቦንጋ እንደገባሁ በቀጥታ ክፍሌ ቤት ሄጄ ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ አቁመህ ቡሎኑን ትንሽ ፈታ አድርግ፣ ከዚያ አጥብቀህ እለፍ አልኩት። በትህትና ሰማኝ። ‹ጋሽ በድሩ፣ እርስዎም እንደ እናቴ ጀመሩ? እኔ ጌታን ይዤ ነው የምሄደው› አለ። ‹ደግሞ አንድ ጠብታ የለውም ያሉት እርስዎ ነዎት።› ሰኞ ጠዋት ሄደ።

ቅዳሜ ተመለሰ፣ ድምፁን ከሩቅ ሰምቼ ከሱቄ ወጣሁ። ደህና ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ‹አንድ ጠብታ የለም፣ የትም አልቆምኩም› አለኝ። ሱቄ ጋ ሲጠብቁት የቆዩት እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው የሞተሩን ሆድ በእጃቸው ዳሰሱ፣ መዳፋቸውን አዩት፣ ደረቅ ነው። ክፍሌ ሻንጣውን ሲፈታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ‹ታዲያ ምን ሰጥቶ ነው ያለፈው?› አሉኝ። ማታ ሻይ ስንጠጣ ክፍሌ ራሱ አነሳው፣ ‹የሚገርመው ጫካውን ማለፌ ትዝ አይለኝም፣ የሻይ እርሻውን አስታውሳለሁ፣ ከዚያ ሺሺንዳ ገበያ ውስጥ ነኝ› አለ። ድካም ነው ተባባልን።

በቀጣዩ ጊዜ ከደካ ሲመለስ አብሮ አደግ ጓደኛው መንገድ ላይ ሲያቅፈው የጓደኛው ስም ጠፋበት። ሌላ ጊዜ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን መታጠፊያ አልፎ ሄዶ ሰው ጠይቆ ተመለሰ። ‹የወባ ኪኒን እየወሰድኩ ነው፣ እሱ ያዞረኛል› ይላል፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ኪኒኑ ያዞራል፣ ሥራውም ከባድ ነው፣ እኔም እንደዚያ እንዲሆን ነው የምፈልገው። አይጨነቅም፣ የሚጨነቁት እናቱ ናቸው፣ ከሳምንት ሳምንት እየከሱ ሄዱ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን እዚሁ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ ሞተሩን እየወለወለ፣ ‹ጋሽ በድሩ፣ ይሄ ሞተር ከኔ በፊት የማን ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ አጠገቤ ነበሩ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፣ የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም፣ መልስ የሚጠብቅ ፊት ነው። ‹የጋሽ ወዳጆ ነዋ› አልኩት። ‹እሺ› አለ፣ መወልወሉን ቀጠለ።

እትዬ ዘነበች አላለቀሱም፣ ክፍሌ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ ‹ክፈተው› ብቻ አሉኝ። ገደሉንም ነገርኳቸው፣ እሱ ሳያውቅ ዘይቱ ካለቀ የሚሆነውን፣ ጎማው እንደሚቆለፍ። ‹ከገደልስ ይወጣል፣ ከዚህኛው ግን አይወጣም› አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስደፍን የኖርኩ ሰው፣ ቁልፍ አንስቼ የሆዱን ቡሎን በራሴ እጅ አላላሁት፣ ትንሽ፣ ሲሄድ ብቻ እንዲያንጠባጥብ፣ ዘይቱንም እስከ አፉ ሞላሁለት። ለክፍሌ አልነገርነውም፣ ብንነግረው ያጠብቀዋል። ሰኞ እንደ ልማዱ ሄደ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስልኩ አይነሳም፣ እሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ደካ ኔትወርክ እንደፈለገ ነው። እትዬ ዘነበች ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔም የጀመርኩትን ሥራ እየተውኩ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም አንገታችንን እናዞራለን። ገደሉን እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከሁሉ የምፈራው መምጣቱን ነው፣ መጥቶ፣ ሞተሩን አቁሞ፣ ወርዶ፣ እኚህን አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ አይቶ፣ ‹እማዬ› ይላቸው ይሆን ወይስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ‹እንደምን ዋሉ› ብሏቸው ያልፍ ይሆን?